የአደራ ውሻ

በአዲስ አበባ ልደታ የሚኖሩ ውሾች በሁለት ይከፈላሉ፤ ባለቤት ያላቸውና መጋቢ ያላቸው። ባለቤት ያለው ውሻ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ማታ ይለቀቃል። መጋቢ ያለው ውሻ ሲነጋም ሲመሽም እንደተለቀቀ ነው። ቁርሱን ከጀበና ቡና ሻጯ፣ ምሳውን ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ፣ እራቱን ከኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ይቀበላል። ስምም አያጣም፤ ይበዛበታል እንጂ። ለጥበቃው ቦቢ የሆነው ለሥጋ ቆራጩ ጃክ ነው፤ ለሰፈሩ ልጆች ደግሞ ቡቺ ነው። በሦስቱም ስም ሲጠሩት ጭራውን እየቆላ ይመጣል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ሦስት ቦታ የበላ ውሻ ሦስት ቦታ መጮህ ስላለበት የልደታ ነዋሪ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው ከዚህ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ውሻ ወዳጅ አያንሰውም። የሚያንሰው ሲታመም የሚያሳክመው፣ ሲነክስ የሚጠየቅለት ሰው ነው። የጎዳና ውሻን መመገብና የጎዳና ውሻን ማሳደግ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። መመገብ ስም አይጠይቅም። ማሳደግ ግን በክትባት ወረቀቱ ላይ «የባለቤት ስም» ከሚለው ቀጥሎ ባለው ባዶ ቦታ ሙሉ ስምን ከነአያት መጻፍ ነው። ለዓመታት አጥንት ሲያቀብል የኖረ ሰው እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ለሐኪሙ መልሶ፣ «እኔ እንኳ አጋጣሚ ይዤው መጣሁ እንጂ የሰፈሩ ነው» ይላል።

ውሻው መጀመሪያ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ፍርስራሽ ነው። የልደታ ነባር መንደር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ በቦታው ኮንዶሚኒየም ሲተከል፣ ነዋሪው ከፊሉ እዚያው ቀረ፤ ከፊሉ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ከዚያ ወዲህም አዲስ አበባ ውስጥ ያልፈረሰ ሰፈር ከመቁጠር የፈረሰውን መቁጠር እየረዘመ መጥቷል። ዕቃ አይሱዙ ላይ ሲጫን ቁም ሣጥኑ ይቀድማል፣ ቡፌው ይከተላል፣ ምጣዱና አክንባሎው ከላይ ይሆናሉ፤ ውሻ የሚጫንበት ተራ በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ የለም። አዲሱ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሚጠበቅ የግቢ በር የለውም፤ ስለዚህ የውሻው የሥራ መደብ ታጥፏል። ስንብቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ግን ለውሻ አይጻፍለትም። እሱም በሌለ በር ላይ አንድ ሁለት ወር ዘብ ቆሞ፣ በመጨረሻ ረኃቡ ወደ ሥጋ ቤቱ ይመራዋል።

ሌላው መልስ ሴት ቡችላ ናት። ውሻ በአማካይ 63 ቀን ታረግዛለች፤ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ወንድ ትፈልጋለች፤ አራትም ስምንትም ልትወልድ ትችላለች። ወንዶቹን ዘበኛ የሚፈልግ ሰው ገና ዓይናቸው ሳይገለጥ ይመርጣቸዋል። ሴቶቹ «ነገ ደግሞ ይህቺም ትወልዳለች» ተብለው በዘይት ካርቶን ይታሸጉና ማለዳ ልደታ ማርያም ደጅ፣ ወይም ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከሁለቱ ቦታዎች ቤተ ክርስቲያኑን የሚመርጠው ሰው ራሱን እንደ ጨካኝ አይቆጥርም፤ ለእመቤታችን አደራ ሰጥቶ እንደሄደ ነው የሚሰማው። የደጁ ጥበቃ ግን ስለ አደራው የተነገረው ነገር የለም፤ እንዲያውም ውሻ ቅጽሩን እንዳያልፍ የመከላከል ሥራ የእሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ ምን እንደሚገጥማት ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

የፈረንጅ ዘር ነው ተብሎ የተሸጠው ቡችላም አለ። መብራት ላይ በመኪና መስኮት በኩል ብቅ የሚለው ሻጭ ብብቱ ውስጥ የያዘውን ጸጉራም ኳስ ጀርመን ሼፐርድ መሆኑን ይምላል፤ ገዢው ከተጠራጠረ፣ «እናቱ ፖሊስ ናት» ይለዋል። ቡችላው ስድስት ወር ሲሞላው ቀጥ ማለት የነበረበት ጆሮ ታጥፎ ይቀራል፤ ጸጉሩ ያጥራል፤ ጭራው ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ባጭሩ የሐበሻ ውሻ ይሆናል። ገዢው የተታለለው በሻጩ ቢሆንም የሚባረረው ውሻው ነው።

የሐበሻ ውሻ መሆን ጉድለት ተደርጎ መቆጠሩ ለውሾቹ ብቻ ሳይሆን ለገዢዎቹም ኪሳራ ነው። በሰው ምርጫ ሳይሆን በመንገድ ኑሮ ተፈትኖ የተረፈ ዘር በመሆኑ አጥንተ ጠንካራ፣ ሆደ ቻይና ባለ አጭር ጸጉር ነው፤ የአዲስ አበባን የሐምሌ ብርድና የየካቲት ፀሐይ ያለ ብዙ ጣጣ ይችላል። በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ የታወቀው ምስክር ከሞስኮ ነው። የሶቪየት ሳይንቲስቶች ወደ ጠፈር የሚልኩትን ውሻ ሲፈልጉ ዘረ ንጹሑን ትተው ከጎዳና የተያዙትን መረጡ፤ ብርድና ረኃብ የለመደ ይጸናል ብለው ነው። ላይካ እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1957 መሬትን የዞረች የመጀመሪያዋ እንስሳ ሆነች። አልተመለሰችም፤ እንድትመለስም አልታሰበም ነበር። ከጎዳና ከተነሡ ውሾች መካከል መንግሥት በስሙ አስመዝግቦ ከወሰዳቸው አንዷ እሷ መሆኗን ለሚያስብ ሰው፣ የባለቤት ስም መጻፉ ብቻውን በቂ እንዳልሆነም ይታየዋል።

ከጎዳና በተነሣ ውሻና በቋሚ ባለቤት መካከል ያለው ድልድይ አደራ ነው። ለንደን ውስጥ ሜሪ ቲልቢ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1860 ያቋቋመችውና ኋላ ባተርሲ በሚባል ሰፈር ስም የታወቀው የውሾች ማቆያ ዛሬም ይሠራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን የተነሣ ውሻ በአብዛኛው የሚያርፈው የሰው ሳሎን ውስጥ ነው። አደራ ተቀባዩ ውሻውን ለተወሰነ ጊዜ ያስጠጋል፣ ያሳክማል፣ ሰው ያለማምዳል፣ ከዚያ ለሚወስደው ያስረክባል። ጊዜው እንደ ውሻው ሁኔታ ይለያያል። ካርቶን ውስጥ የተገኘ ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው መቆየት አለበት። የመከነች ውሻ ስፌቷ እስኪድን አሥር ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ይበቃታል። እከክ የበላው ሙሉ ጸጉሩን እስኪያበቅል ወራት ይፈልጋል፤ ጸጉር የሌለውን ውሻ ደግሞ የሚወስድ የለም። ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ያለው የቡችላ ዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል። በዚያ ጊዜ ሰው፣ ልጅ፣ መኪና፣ መጥረጊያና የፕሬሸር ኩከር ፉጨት ያልለመደ ቡችላ ዕድሜውን ሙሉ ሲደነግጥ ይኖራል፤ የሚደነግጥ ውሻ ደግሞ ይነክሳል።

አደራ ተቀባይ የሚታወቀው በአንድ ሐረግ ነው፤ «ለጊዜው ነው» በምትለው። ደረጃው ላይ የተገናኙ ጎረቤት፣ «የኔ ልጅ፣ ይህ ውሻ ያንተ ነው እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ፣ «አይ እትዬ፣ ለጊዜው ነው» ይላል። ከአራት ወር በኋላ እኚያው እትዬ በዚያው ደረጃ ላይ ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቁ መልሱ አይለወጥም፤ የተለወጠው ውሻው ብቻ ነው፤ በእጥፍ አድጎ ሶፋውን ለራሱ አድርጎታል። ስለዚህ አደራን የሚሰጥ ሰው ከተቀባዩ ጋር አስቀድሞ ቀን ቢቆርጥ፣ የመኖና የሕክምና ወጪው የማን እንደሆነ ቢነጋገር፣ ቢቻልም ቢጽፉት ይሻላል። በዕድርና በዕቁብ ጽሑፍን የማይረሳ ሕዝብ በውሻ ጉዳይ ላይ ሁሉን ነገር በቃል መተዉ ይገርማል።

ውሻ ቤት ውስጥ ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር ከውሻው በፊት ቤት ውስጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ ተከራካሪዎቹ እናትና ልጅ ናቸው። እናት የጸበሉን ጀሪካን፣ የጸሎት መጽሐፉንና የሥዕሉን ግድግዳ እየጠቆሙ ውሻና እነዚህ ነገሮች በአንድ ጣሪያ ሥር አይኖሩም ይላሉ። ልጅ ወደ መጽሐፈ ጦቢት ይሸሻል፤ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ረጅም መንገድ ሲሄድ ውሻው ተከትሎት ነበር። እናት ውሻው የተከተለው በመንገድ እንጂ በሳሎን እንዳልሆነ ይመልሳሉ፤ መልሱ ትክክል ነው። ሙስሊም ጎረቤት ባለበት ደረጃ ላይ ደግሞ ነገሩ ከውሻ ምራቅ ንጽሕና ጋር ይያያዛል፤ ቢሆንም በቁርኣን የዋሻው ሰዎች ታሪክ ውስጥ ደጃፉ ላይ እጆቹን ዘርግቶ የተኛው ውሻ መኖሩን የሚያነሣ አይጠፋም። እሱም ደጃፍ ላይ ነው። ልጅ የመጨረሻ ማስረጃ አድርጎ ቤተ መንግሥትን ይጠራል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የምትባል ትንሽ ቺዋዋ ነበረቻቸው፤ ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እሷ የጻፈው ነገር እውነትነቱ ቢያከራክርም ውሻይቱ መኖሯ አያከራክርም። «እሳቸው አሽከር ነበራቸው» ይላሉ እናት። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በረንዳ ላይ ነው፤ ውሻው እዚያ እንዲያድር ይፈረድበታል። ዝናብ በመጣ ሌሊት ማን ተነሥቶ በሩን እንደከፈተለት ጠዋት ላይ አይጠየቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ እናት ናቸው።

በምግብ ጉዳይ የጎዳና ውሻ ከአሳዳጊው በላይ ባሕረ ሐሳብ ያውቃል። ረቡዕና ዓርብ ብዙ ሥጋ ቤት እንደሚዘጋ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ የአጥንት ደጅ እንደሚከሳ፣ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ጎዳናው እንደሚጠግብ ከሆዱ ተምሯል። በጾም ወራት የልደታ ውሻ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ከሽሮና ከተልባ ውጭ የሚጣል የለምና ሳይወድ ይጾማል። ችግሩ የሚመጣው ሲፈታ ነው። ሁለት ወር ባዶውን የከረመ ሆድ በአንድ ሌሊት የበግ አንጀት፣ ሞራና የዶሮ አጥንት ሲወርድበት ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። የፋሲካ ማግስት ውሻ የሚያክሙ ሰዎች ሥራ የሚበዛባቸውም ለዚህ ነው።

ከአጥንቱ ይልቅ ያልተጠረጠረው ወጡ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭም ሆነ ቀይ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ደም ማነስ ያመጣል። የኢትዮጵያ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ሲበስል ወጥ የሚባል ነገር ነው፤ በተለይ ዶሮ ወጥ። ባለሙያ ሴት ለአንድ ዶሮ የምትከትፈውን ሽንኩርት ያየ ሰው፣ «ለውሻው ትርፍራፊ አውጣለት» የሚለው ቃል በደግነት የተነገረ መሆኑን ሳይክድ ጉዳቱን መገመት ይችላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስንጥር ይሆንና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ስለዚህ ደህናው መንገድ እንጀራ ፍርፋሪ፣ ሩዝ ወይም ገንፎ በአጥንት መረቅ፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ማብሰል ነው። ውሻ ይጨክናል ብሎ ሚጥሚጣ ማብላት የቆየ እምነት ነው፤ ያተረፈው የተቃጠለ ጨጓራ ብቻ ነው።

ቡችላ እንደገባ የመጀመሪያው ጠላት ፓርቮ ነው። ይህ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ በሽታ ሆኖ ከታወቀ ወዲህ ዓለምን አዳርሷል። ያልተከተበ ቡችላ ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይጀምረዋል፤ ያለ ፈሳሽ ሕክምና በጥቂት ቀናት ይሞታል። ቫይረሱ ወለልና አፈር ላይ ለወራት ስለሚቆይ ቡችላ የሞተበት ቤት ወዲያው ሌላ ቡችላ መቀበል የለበትም፤ መቀበል ካለበትም ቤቱ በበረኪና ይታጠባል። ቁንጫ፣ መዥገርና የሆድ ትል ከዚህ አንጻር ተራ ነገሮች ናቸው።

ተራ ያልሆነው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ የኢትዮጵያ ድርሻ ወደ 2,700 ይጠጋል ተብሎ ይገመታል። ሰው ላይ ከሚደርሰው ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ እጅ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ሰው በክትባት ያተረፈው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ስሙ ጉለሌ ላይ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል፤ «ፓስተር» የሚባለው ሰፈር ዛሬ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኝበት ሲሆን የእብድ ውሻ ክትባት ሲዘጋጅበት ኖሯል። ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረው፣ ሆድ ላይ ለተከታታይ ቀናት የሚወጋው የድሮ መርፌ ለብዙ አዲስ አበቤ የልጅነት ማስፈራሪያ ነበር፤ አንድ ትውልድ ውሻን የሚሸሸው ውሻውን ፈርቶ ሳይሆን መርፌውን ፈርቶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ሰንሰል ጨምቆ መጠጣት በየቤቱ የታወቀ መድኃኒት ቢሆንም የክትባትን ቦታ አይተካም። የነከሰው ውሻ ከታወቀ አይገደልም፤ ለአሥር ቀን ተይዞ ይታያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደህና ከሆነ ሲነክስ በሽታውን የሚያስተላልፍበት ደረጃ ላይ አልነበረም ማለት ነው። ለአሥር ቀን የሚይዘው ሰው ግን ያስፈልጋል፤ መጋቢዎቹ ሁሉ በዚያ ሳምንት ሥራ ይበዛባቸዋል።

ከተሞች ለረጅም ዘመን የሞከሩት መፍትሔ መርዝ ነበር። ስትሪክኒን የገባበት ሥጋ ሌሊት ይጣላል፤ ጠዋት ሬሳ ይሰበሰባል። ከጭካኔው ሌላ ሒሳቡም አይሠራም። ከሰው እጅ መብላት የለመደው፣ ምናልባትም የተከተበው፣ ሥጋውን ቀድሞ ያነሣል፤ ሰው የማያምነው ይተርፋል። ባዶ የቀረውን ደጅ ከሌላ ሰፈር የመጣ፣ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። የሚሠራው ሒሳብ ሌላ ነው፤ ከውሾቹ 70 ከመቶው ከተከተቡ በሽታው በመካከላቸው መዛመት ያቅተዋል። ጥቅሙ ለሰው ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ከሚገኙባቸው ተራሮች ዋናው ባሌ ሲሆን፣ ከእረኛ ውሾች የሚተላለፈው ይኸው በሽታ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል፤ እነሱን ለማዳን የመንደር ውሾች ይከተባሉ። ቡታን እ.ኤ.አ. በ2023 የጎዳና ውሾቿን ሁሉ አምክና መጨረሷን አስታውቃለች፤ አዲስ አበባ ከዚያ ሩቅ ናት። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚውለው ፓስተር ባረፈበት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም 18 ነው፤ የመስቀል ማግስት በመሆኑ ልደታ ውስጥ ማንም ልብ አይለውም፤ ውሻውም ሰውም ገና ከድግሱ አልተነሡም።

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ ክትባት ይወጋል፤ ከዚያ በኋላ ይታደሳል። ሴቷን ማምከን፣ ወንዱን ማኮላሸት የሚቀጥለው ሥራ ነው። እዚህ ላይ የባለቤቶቹ ጾታ ልዩነት ያመጣል። ሴቷን ለማስመከን የማያቅማማ አባወራ ወንዱ ሲነሣ ድንገት ስለ ተፈጥሮ ሕግ መናገር ይጀምራል፤ ሐኪሙ ስለ ውሻው እያስረዳው መሆኑን ደጋግሞ ማስታወስ ሊኖርበት ይችላል።

ኮንዶሚኒየም ለውሻ አልተሠራም። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ድምፁ ያስተጋባል፤ የሁሉም የሆነው ቦታ ሁሉ ባለቤት አለው። የነዋሪዎች ኮሚቴ ስብሰባ ላይ የውሻ ጉዳይ በአጀንዳነት ሲያዝ ከውኃ ታንከሩና ከጥበቃ ደሞዝ ቀጥሎ በ«ልዩ ልዩ» ሥር ይገባል፤ ሰዓቱን ሁሉ የሚበላው ግን እሱ ነው። ጩኸቱ፣ ጸጉሩ፣ ደረጃው ላይ የተገኘው ነገርና የማን ውሻ እንደሆነ ይነሣል። አንድ ጋሼ ተነሥተው ውሻው ሌሊት ሌባ አባርሯል ይላሉ፤ ሌላዋ የተባረረው ሌባ ሳይሆን ዘግይቶ የመጣው የእሳቸው ልጅ መሆኑን ያስታውሳሉ። የበዓል ሰሞን ደግሞ በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት አካባቢ ላይ ውሻ መልቀቅ የማይፈቀድ መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ቃለ ጉባኤውን ያልሰማው ውሻው ብቻ ነው። አሳዳጊ ለሚሆን ሰው የሚበጀው ከኮሚቴው በፊት ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ማነጋገር፣ በተለይም የታችኛውን ፎቅ፣ ከቻለም ቡና ጠርቶ ነው። ቡና ላይ ውሻውን በስሙ የጠራ ጎረቤት ስብሰባ ላይ በእሱ ላይ እጁን ማውጣት ይከብደዋል።

አንዳንዱ የልደታ ውሻ ከሰፈሩም ከአገሩም ይወጣል። የአፍሪካ ኅብረት ቅርብ ነው፤ ኤምባሲዎችም ሩቅ አይደሉም፤ የሥራ ዘመኑን የጨረሰ የውጭ አገር ሰው ሲሄድ በር ላይ ያገኘውን ውሻ ይዞ መሄድ ይፈልጋል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር የሚሄድ ከሆነ ውሻው ቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ ይቀበርለታል፤ የእብድ ውሻ ክትባት ይወጋል፤ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ተወስዶ ኅብረቱ ወዳጸደቀው ላቦራቶሪ ይላካል፤ ውጤቱ በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ አሐድ መሆን አለበት፤ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ሦስት ወር ይጠበቃል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ወዲህ ደንቧን አጥብቃ ከስድስት ወር ዕድሜ በታች የሆነን ውሻ አታስገባም። የአውሮፓው ጣጣ ብቻ አራት ወር ያህል ይፈጃል፤ ባለቤቱ ግን የአውሮፕላን ትኬቱን የቆረጠው ለሚቀጥለው ሳምንት ነው። ስለዚህ ውሻው እንደገና ወደ አደራ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም ቀድሞ ይመግበው ወደነበረው ጥበቃ፤ አሁን ግን ቺፕ የተቀበረለት፣ ደሙ ባሕር የተሻገረ፣ በስሙ ፋይል የተከፈተለት ውሻ ሆኖ።

የቀረው ሕጉ ነው። ልጅን በጉዲፈቻ የሚወስድ ሰው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቢያንስ 25 ዓመት ሊሞላው፣ ስምምነቱም በፍርድ ቤት ሊጸድቅ ይገባል። ውሻ ለመውሰድ የሚጠየቅ ዕድሜ የለም፤ ሕጉ ውሻውን የሚያውቀው ከነከሰ በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ አምልጦት ቢሆንም፣ ጉዳቱ ሊገመት የማይችል ቢሆንም ተጠያቂ ያደርገዋል። ለጊዜው ነው የሚለውን ሰውም አልረሳውም፤ እንስሳውን በማናቸውም ምክንያት ተረክቦ የያዘ ሰው በእጁ ባለበት ጊዜ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ይኸው ሕግ ግን ለቤት እንስሳ ባለቤት አንድ መውጫ ትቶለታል፤ ራሱ ጥፋት ካልፈጸመ በቀር እንስሳውን ለተጎጂው በባለቤትነት በማስረከብ ከኃላፊነት ነፃ መውጣት ይችላል። ነገሩ ከሕግ መጽሐፍ ወጥቶ ልደታ ፍርድ ቤት ድረስ ቢመጣ፣ ባቱን የተነከሰ ሰው ካሣ ሊጠይቅ ገብቶ ውሻ እየሳበ ሊወጣ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክትባት ወረቀቱ ላይ ስሙ የሚጻፈው እሱ ነው፤ ውሻው ቀጥሎ ለሚነክሰው ሰውም በቁጥር 2071 የሚጠየቀው እሱ ነው።